ቢላዋ፣ መዝገበ ቃላት እና አንድ አስጎብኚ

ዙሪክ በሄድኩ ጊዜ አሮጌውን ከተማ በእግር የሚያስጎበኝ ቡድን ተቀላቀልኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሰዓት ያከብራሉ፣ ሰውም ያከብራሉ። ቅሬታዬ በአንዲት ቃል ላይ ብቻ ነው፦ «ዳዳ»፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያው ዙሪክ የተወለደ የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ ስም።

ጉብኝቱ ሽፒገልጋሰ ቁጥር 1 በር ላይ ደረሰ። ገጣሚዎቹ ሁጎ ባል እና ኤሚ ሄኒንግስ ዳዳ የተወለደበትን የምሽት መዝናኛ ቤት፣ ካባሬ ቮልቴርን የከፈቱት እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1916። አውሮፓ በጦርነት እየነደደች እነሱ እዚህ ግጥም ያነባሉ፣ ከበሮ ይደልቃሉ፣ ይጮኻሉ። በዚያው መንገድ ላይ ቁጥር 14 ደግሞ ሌኒን ተከራይቶ ይኖር ነበር። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው! አስጎብኚያችን ይህን ሲተርክ አፍ ያስከፍታል።

«ዳዳ» የሚለው ስም ከየት መጣ የሚለው ጋ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን መዘዘና የያዘውን ደብተር ወጋ አደረገው። «መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢላዋ ሰኩ፣ ዳዳ ላይ አረፈ፣ አለቀ» አለና ወደሚቀጥለው ሕንፃ መራን።

ኧረ አላለቀም! ከዳዳ ሰዎች አንዱ የሆነው ሪቻርድ ሁልዘንቤክ በ1920 የጻፈው ከዚህ የበለጠ ይጥማል። እሱና ባል ለአንዲት የካባሬው ዘፋኝ የመድረክ ስም ሲፈልጉ ነው ቃሏን በጀርመንኛና ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ በአጋጣሚ ያገኟት። በፈረንሳይኛ የልጆች የእንጨት ፈረስ ማለት ነው። ባል ደግሞ በማስታወሻው በሩማንያኛ «አዎ አዎ» መሆኑን መዝግቧል። ሌላው የዳዳ ገጣሚ ትሪስታን ዛራ ሩማንያዊ ስለነበር ቃሉን ያገኘው እሱ ነው የሚሉም ሞልተዋል። የዳዳው አርቲስት ሃንስ አርፕ በ1921 ምሎ መሰከረለት፤ ዛራ ቃሉን ሲያገኝ ፌብሩዋሪ 8 ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ እኔ ከ12 ልጆቼ ጋር እዚያው ነበርኩ፣ ግራ አፍንጫዬ ውስጥም ብሪዮሽ ዳቦ ወትፌ ነበር አለ። ምስክርነቱ ራሱ ቀልድ ነው። እንግዲህ ማን ፈጠረው ብለው የሚጣሉ ሰዎች መሃል እንዲህ ያለ ምስክር ሲቆም፣ ስሙን ከዚህ በላይ ምን ያስረዳዋል? አስጎብኚው ይህን መዝለሉ ነው ያናደደኝ።

«ዛራስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሰዓቱን አየ። እዚያው ሰው ፊት ላርመው ዳዳኝ። በአማርኛ እያሰብኩ ቃሏ ራሷ ስትመጣብኝ ግን ሳቄ ቀደመኝና ተውኩት።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ለቢላዋው ነው።