ዱቄትን ውሃ የሚያደርገው ቁልፍ፦ የኩሽና ሚዛኔ ከወራት በኋላ

ይህን ዲጂታል ሚዛን የገዛሁት ለአንድ ቁልፍ ብዬ ነው፤ አሁን የምጽፈውም ያው ቁልፍ አናዶኝ ነው። ማሸጊያው ላይ «ግራምን ወደ ሚሊ ሊትር ይቀይራል» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የምግብ አሠራር ግማሹ በኩባያ፣ ግማሹ በግራም ስለሚጻፍ ከስሌት ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ቁልፉ ግን ሚዛኑ ላይ የወጣውን ሁሉ ውሃ ነው ብሎ ያስባል። 100 ግራም ዱቄት አድርጋችሁ ብትጫኑት 100 ሚሊ ሊትር ይላችኋል። ያው ዱቄት በመለኪያ ኩባያ ሲሰፈር ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። እንግዲህ «ሁለት ኩባያ ዱቄት» የሚል አሠራር ይዞ ስክሪኑ 480 ሚሊ ሊትር እስኪል የሚጨምር ሰው አራት ኩባያ የሚሆን ይከምራል። ሊጡ ድንጋይ ሲሆንበት ደግሞ የሚራገመው እርሾውን ነው።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ለወተትም የራሱ ቁልፍ አለው እኮ!» አዎ፣ አለው። አንድ ሊትር ወተት ከአንድ ሊትር ውሃ የሚበልጠው በ30 ግራም ገደማ ነው። ለዚያች ልዩነት ለብቻዋ ቁልፍ ሲሠራላት፣ ከውሃ በግማሽ ለሚቀለው ዱቄት ምንም የለም። «እህልማ ዓይነቱ ብዙ ነው» ካለኝም እኔ የምለው ይህንኑ ነው፤ ታዲያ ማሸጊያው ላይ የስንዴ ዘለላ ሥዕል ምን ይሠራል?

እርግጥ እህል ለማንም ሚዛን አስቸጋሪ ነው። በ240 ሚሊ ሊትር ኩባያ ጥሬ ነጭ ሩዝ ከ185 እስከ 200 ግራም ይመዝናል፤ የተዳመጠ አጃ 90 ግራም ገደማ ነው። የስንዴ ዱቄት በማንኪያ እየተጨመረ አፉ በቢላ ሲጠረግ ወደ 120 ግራም ይሆናል፤ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክረው ሲዘግኑት 140 እና 150 ይደርሳል። ስንዴው ሳይፈጭ ቢሰፈር ደግሞ ከ180 ግራም በላይ ነው፤ ሲፈጭ መሃሉ አየር ስለሚገባ ቦታ ይፈጃል። ኩባያውስ ቢሆን መቼ አንድ ሆነ? የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የአውስትራሊያው 250፣ ከሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው 180 ይይዛል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ሳያውቀው ሩዙን የሚያበላሽበት ነው።

ስለዚህ ያንን ቁልፍ ትቼዋለሁ። የራሴን ኩባያ በሩዝ፣ በአጃ፣ በምስር፣ በዱቄት እየሞላሁ መዘንኩና ቁጥሮቹን ጽፌ የቁምሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩ። ሚዛኑ ማድረግ የነበረበትን ሥራ ያ ወረቀት ይሠራዋል።

በግራም ብቻ ሲመዝን ግን አልወቅሰውም። ሳህን አስቀምጦ ዜሮ ማድረግ፣ ዱቄት፣ እንደገና ዜሮ፣ ውሃ፤ የሚታጠብ ኩባያ የለም።

እርሾ ላይ ግን ሌላ አመል አለው። 3 ግራም ለመመዘን በማንኪያ ጫፍ ቀስ እያልኩ ስነሰንስ ስክሪኑ ዜሮ ላይ ድርቅ ይላል። ብልሽት አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ሚዛኖች በዜሮ አካባቢ በዝግታ የሚመጣን ጭማሪ የራሳቸው መዋዠቅ ይመስላቸውና መልሰው ዜሮ ያደርጉታል። መላው ሰሃኗን ዜሮ ሳያደርጉ አስቀምጦ፣ እርሾውን ጨምሮ ልዩነቱን ማስላት ነው። መመሪያ ወረቀቱ ስለዚህ ትንፍሽ አይልም።

ደግሜ እገዛዋለሁ? ጠዋት ብትጠይቁኝ «በጭራሽ» እል ነበር። አሁን ዳቦው ከምድጃ ወጥቷልና ልቤ ራርቷል፤ የሚሠራልኝ ግን ግራሙ ብቻ ስለሆነ ቀለል ያለውን እመርጥ ነበር። እናንተም ስትገዙ የቁልፎቹን ብዛት ትታችሁ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ራሱን እንደሚያጠፋ ጠይቁ። የእኔው ሊጡን ሳማስል ድንገት ድርግም ይልና እስከዚያ የመዘነውን ሁሉ ይረሳዋል።