የአባጨጓሬ ድር፦ በእጅ ማንሳት ወይስ ቢቲ መርጨት?

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጸደይ ሲገባ በቼሪና በአፕል ዛፎች ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ድር ይታያል። የአባጨጓሬ ጎጆ ነው።

እጅ የሚደርስበት ከሆነ እኔ በእጅ ማንሳቱን እመርጣለሁ። በማለዳ ወይም ሲመሽ፣ ድሩ ውስጥ ተሰብስበው ሳሉ፣ ጓንት አድርጎ ድሩን በእንጨት መጠቅለል፣ ከዚያ የሳሙና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ መንከር። ወጪ የለውም፤ ንብም አይጎዳም። እኩለ ቀን ላይ ግን ብዙዎቹ ቅጠል ሊበሉ ወጥተው ይሆናል።

ዛፉ ረጅም ከሆነ ወይም ጎጆው ከበዛ ቢቲ የተባለው አባጨጓሬ ገዳይ ባክቴሪያ ይሻላል። የሚረጨው ድሩ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ቅጠል ላይ ነው፤ አባጨጓሬዎቹ ካልበሉት አይሠራም። ካደጉ በኋላም ብዙ አይረባም። የቢራቢሮዎችን አባጨጓሬም ስለሚገድል ቆጠብ ይበሉ።

እሳት መለኮስ? በፍጹም! ከአባጨጓሬው ይልቅ ዛፉን ይጎዳል።