ጌም ተጫዋች ለሆናችሁ ሥራ ፈላጊዎች፦ ሲቪዬን ላስተካከሉልኝ አማካሪ ምስጋና

ሥራውን አገኘሁ! የፈረቃ አስተባባሪ ሆኛለሁ። ሲቪዬን አብረውኝ የሠሩትን የሥራ አማካሪ ግን በአደባባይ ሳላመሰግን አላልፍም። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

እሳቸው ጌም ተጫውተው አያውቁም። የጠቀመኝም ይኸው ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሚባለው የኦንላይን ጌም ላይ ጊልድ (የተጫዋቾች ቡድን) እመራለሁ ስላቸው አልሳቁም፣ አላደነቁምም። "እሺ፣ ሰው ሳይመጣ ሲቀርብህ ምን ታደርጋለህ?" አሉኝ። ያን ጊዜ ወሬዬ ተከፈተ። በቀድሞው የጌሙ ቅጂ ትልቁ ሬይድ (ተጫዋቾች ተባብረው የሚወጡት ዘመቻ) 40 ሰው ድረስ ያሳትፋል። ያን ሁሉ ሰው፣ ያውም ደመወዝ የማይከፈለውን፣ በየአገሩ የሰዓት ልዩነት አስማምቶ ማገናኘት አለ። ለቀረ ሰው ተተኪ ማዘጋጀት አለ። ብርቅ ዕቃ ሲገኝ ደግሞ "ለእኔ ነው የሚገባው" የሚለው ጭቅጭቅ! እኛ ማን እንደተገኘና ማን እንደቀረ የሚመዘገብበት የነጥብ ሰንጠረዥ ነበረን፤ ሁሉም ገብቶ ያየዋል። "ይቺን ጻፋት" አሉኝ።

ሬይድ፣ ሉት፣ ታንክ የሚሉትን የጌም ቃላት በሙሉ አስወጡኝ። የቀረው ይህን ይመስላል፦ "በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ አባላት ያሉት የኦንላይን ጌም ቡድን መርሐ ግብር አወጣለሁ። ሽልማት የሚከፋፈልበትን፣ ሁሉም አባል የሚያየውን የነጥብ አሠራር ዘርግቻለሁ።" "ጌም" የምትለዋን ቃል ግን እንድደብቃት አልፈቀዱም። ቃለ መጠይቅ ላይ ድንገት ብትወጣ ውሸታም ታስመስላለች ባይ ናቸው። የደረስኩበትን ደረጃና የተጫወትኩትን ሰዓት ግን ሰረዙት። እውነታቸውን ነው፤ ስንት ሌሊት ጌም ላይ እንዳነጋሁ ለቀጣሪ ምን ይፈይድለታል?

እኔም ስቲቨን ጊሌትን ጠቀስኩላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዋየርድ መጽሔት የጻፈለት ሰው ነው። የዚሁ ጌም ጊልድ መሪ መሆኑ ያሁ ሲቀጥረው ሚዛን ደፍቶለታል፤ በኋላም የስታርባክስ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆኗል። "ሚዛን የሚደፋው መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ሌላ ነገር ሲኖር ነው" ብለው ጌሙን ከሥራ ልምዴ በታች አስቀመጡት። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ሳየው ግን ቦታው እዚያው ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ሠራተኞች በፈረቃ ጉዳይ ቢጣሉ ምን እንደማደርግ ተጠየቅኩ። የዕቃውን ጭቅጭቅ ነገርኳቸው፦ ምን እንደተፈጠረ፣ እኔ ምን እንዳደረግኩ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ። ቅደም ተከተሉን እሳቸው ናቸው ያለማመዱኝ።

ማመልከቻው ነገ የሚዘጋባችሁ ከሆነ ግን አይሆኗችሁም። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፣ ጥያቄያቸውም አያልቅም። ጽፈውም አይሰጧችሁም፤ የምትጽፉት ራሳችሁ ናችሁ። ጊዜ ካላችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝና ላገናኛችሁ። ስትሄዱ የቡድናችሁን መርሐ ግብር፣ ሰንጠረዥ፣ ያወጣችሁትን ደንብ፣ ያላችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። "ማስረጃህስ?" ማለታቸው አይቀርም።