የሕፃናት ጥበቃ የጥቆማ ስልክ፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት

ሦስቱም ኮከቦች ስልኩን ላነሳችው ሴት ናቸው። የቀሩትን ሁለቱን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው ያባከናቸው።

የምሠራው ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። ልጆች ሲሯሯጡ ይወድቃሉ፤ የተላጠ ጉልበትና ያበጠ ግንባር ለእኛ ብርቅ አይደለም። አንዱ ልጅ ግን ኮፍያዬን አላወልቅም ብሎ ሙጭጭ አለ። ጆሮው ከጀርባ በኩል በልዟል። ጆሮ፣ አንገት፣ ሆድና ጀርባ በጨዋታ መውደቅ እንዲህ በቀላሉ አይበልዙም። ገና መዳህ ያልጀመረ ጨቅላ ላይ ደግሞ የትም ቦታ ቢሆን ዝም አይባልም።

ደወልኩ። መጀመሪያ ሙዚቃ። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩኝና ነገሩን ከሀ ጀመርኩ። አንድ ኮከብ እዚህ ጋ ወደቀ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ስልክ የሚደውለው ራሱን እንደምንም አሳምኖ ነው፤ ካስጠበቁት ይዘጋዋል።

ሴትዮዋ ግን ሥራዋን ታውቃለች። "እናትየው ትመታዋለች መሰለኝ" ብዬ ስጀምር፣ "መሰለኝን ትንሽ እናቆየውና ያዩትን ይንገሩኝ" አለችኝ። የቱ ጋ ነው? መቼ አዩት? ልጁ በራሱ አፍ ምን አለ? "አትንኪኝ፣ ያመኛል" ብሎኝ ነበር፤ እንዳለ ጻፈችው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ልጅ አለ? ዛሬ ወደዚያ ቢመለስ ያሰጋዋል? ማስረጃ አምጪ አላለችኝም። ማጣራቱ የእነሱ ሥራ ነው፤ ከእኔ የሚጠበቀው ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ብቻ ነው።

"ልጁን አያውጣጡት" አለችኝ። "እማዬ መታችህ አይደል?" ከተባለ፣ ልጅ ትልቅ ሰው የሚፈልገውን መልስ ቶሎ ይሰጣል፤ ምርመራውም ይበላሻል። "ምን ሆንክ?" ብሎ መስማት ይበቃል። ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል መግባትም አይሆንም።

ስሜን ለቤተሰቡ እንደማይሰጡ፣ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ሊነሳ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችኝ። ወደድኩላት። ባልደረባዬ "ልጁን ነጥቀው ይወስዱታል፣ ቤት አፍራሽ ትባያለሽ" ብላኝ ነበርና ይህንንም ጠየቅኳት። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጉብኝትና ድጋፍ ነው፤ ልጅ ከቤት የሚወጣው እዚያ መቆየቱ አደገኛ ሲሆን ነው። ድህነትንና ቸልተኝነትንም ለየችልኝ። ጫማው የተቀደደ ልጅ ሁሉ ችላ የተባለ አይደለም። ወላጅ እየቻለ ሐኪም ጋ የማይወስደው ወይም በሕፃንነቱ ብቻውን ተቆልፎበት የሚውል ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝም። ጭጭ። ሁለተኛው ኮከብ የሄደው በዚህ ነው። የዚያ ቤት ዝርዝር ምስጢር መሆኑ ይገባኛል። "ጥቆማዎ ደርሶናል፣ ባለሙያ ተመድቧል" ማለት ግን የማንን ገመና ያወጣል? እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 19 ጥቆማንና ምርመራን ሲጠራ ክትትልንም አብሮ ጠርቷል። ለጠቋሚው አንዲት አጭር መልእክት መላክ ይህን ያህል ከባድ አይመስለኝም።

ቢሆንም ደውሉ። ከመደወላችሁ በፊት ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉት፤ ስልኩ ላይ ሰው ይደነግጣል። አዲስ ነገር ካያችሁ ደግማችሁ ደውሉ፤ ሁለተኛው ጥቆማ የመጀመሪያውን ያጠናክረዋል። ልጁ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ይህን መስመር ተዉትና ቀጥታ ፖሊስ ጋ ደውሉ።