ለድንጋይ ማጣሪያ የትኛው ኖዝል ይሻላል? ለሰሜን ሸዋ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ደብረ ብርሃን ላይ ሆቴል፣ ፋብሪካ ወይም የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ሲያስብ ገንዘቡም ሐሳቡም የሚያልቀው በሲሚንቶው ግድግዳና በድንጋዩ ላይ ነው። ፍሳሹን በድንጋዩ ላይ የሚበትነው ኖዝል የሚታወሰው መጨረሻ ላይ፣ የቧንቧ ሠራተኛው «ምን ልግጠም?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። የሚያጣራው ድንጋዩ ራሱ አይደለም፤ በድንጋዩ ላይ የሚያድገው ስስ የረቂቅ ተሕዋስያን ልባስ ነው። ልባሱ ደግሞ ፍሳሽ በማይደርስበት ድንጋይ ላይ አይኖርም። ስለዚህ ያልረጠበ ድንጋይ ተገዝቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ታጥቦ የተከመረ ከንቱ ወጪ ነው።

ከታች የማወዳድራቸው ከሴፕቲክ ታንክ ወይም ከማዝቀጫ ገንዳ የወጣን ፍሳሽ፣ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ባለው የድንጋይ ማጣሪያ ላይ ለማከፋፈል የሚያገለግሉ ዕቃዎችን ነው። ለንጹህ ውሃ የሚሆነው ምርጫ ሌላ ነው፤ የብዙዎች ስሕተትም የሚጀምረው ሁለቱን ከማምታታት ነው። በየመደብሩ የሚሸጠው የመስኖ ስፕሪንክለር ርካሽ ነው፣ ውሃም ሩቅ ይወረውራል፣ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን በአብዛኛው የተሠራው ለ2 ወይም ለ3 ባር ግፊት ነው። 1 ባር ማለት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት ሲሆን፣ የፍሳሽ ገንዳችን ከማጣሪያው በላይ የሚቆመው 1 ወይም 2 ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ግፊት የመስኖው ስፕሪንክለር ውሃውን እግሩ ሥር ያንጠባጥበዋል። ፓምፕ ገዝተው ግፊቱን ቢያሟሉለት እንኳ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነውን ቀዳዳውን የፀጉር ጉንጉን ይዘጋዋል። ሻጩ ምንም ቢል ይህን ከዝርዝርዎ ያውጡት።

ክቡ ከአራት ማዕዘኑ

ቆሚ ኖዝሎች፣ ማለትም ከማጣሪያው ላይ ብቅ ብለው ወደ ላይ የሚረጩት፣ ታሪካቸው ረጅም ነው። እንግሊዝ አገር ሳልፎርድ ከተማ ውስጥ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተሞክረዋል፤ የአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ ደግሞ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ሥራ በጀመረው ማጣሪያዋ ተጠቅማባቸዋለች። በዚያ ዘመን የነበሩ መሐንዲሶችን ያስጨነቀው ጥያቄ ዛሬም የገዢው ጥያቄ ነው፦ ክብ የሚረጭ ይሻላል ወይስ አራት ማዕዘን?

ክብ የሚረጩ ኖዝሎችን በአራት ማዕዘን አሰላለፍ ብናቆማቸውና ክቦቹ ጫፍ ለጫፍ ቢነካኩ የሚረጥበው ከማጣሪያው 78.5 በመቶው ብቻ ነው። በ100 ካሬ ሜትር ማጣሪያ ላይ 21.5 ካሬ ሜትር ድንጋይ ደረቅ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። እነዚያኑ ኖዝሎች ጎኖቹ እኩል በሆኑ ሦስት ማዕዘኖች ብናሰልፋቸው፣ አንዱ ረድፍ በሌላው ረድፍ ክፍተት ትይዩ እንዲውል ብናደርግ፣ የሚረጥበው ወደ 90.7 በመቶ ይደርሳል። ተጨማሪ ዕቃ አልተገዛም፤ የተቀየረው የአቋቋማቸው መስመር ብቻ ነው። ክቦቹን ትንሽ ማደራረብ ደግሞ የቀረውን ይሸፍነዋል።

አራት ማዕዘን የሚረጨው ኖዝል በወረቀት ላይ ሲታይ ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታዋል፤ ምንም ክፍተት አይተውም። በሥራ ላይ ግን የአራት ማዕዘኑን ቅርጽ የሚያወጣው በኖዝሉ ከንፈር ላይ ያለ ረቂቅ ቅርጻ ቅርጽ ነው፤ ዝቃጭ ሲለብሰው ወይም ሲበላ ማዕዘኖቹ ይጠፋሉ። ሌላም አለ፦ ሠራተኛው ለማጽዳት ፈትቶ መልሶ ሲያጠብቀው ኖዝሉ በፊት በነበረበት አቅጣጫ ላይቆም ይችላል። አራት ማዕዘኑ ጠመመ ማለት አንዱ ጥግ ሁለት ጊዜ ይጠጣል፣ ሌላው ይጠማል። ክቡ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ያው ክብ ነው። የእኔ ምርጫ በማያሻማ ሁኔታ ክቡ፣ በሦስት ማዕዘን አሰላለፍ ነው። ለግድግዳው ዳር ግን ግማሽ ክብ የሚረጩትን ይግዙ፤ አለበለዚያ ፍሳሹ ግድግዳውን መትቶ፣ በግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ተንሸራቶ፣ ድንጋይ ሳይነካ ታች ይደርሳል።

የቀዳዳው ጉዳይ

ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ይህ ነው። ሁለት ኖዝሎች እኩል ውሃ እያሳለፉ አንዱ በየቀኑ ሲዘጋ ሌላው ለረጅም ጊዜ ላይዘጋ ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከውስጣቸው ነው።

ውሃው እንደ ዣንጥላ እንዲዘረጋ ከቀዳዳው በላይ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው መበተኛ ያስፈልጋል። ይህን መበተኛ መያዝ የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በቀዳዳው መካከል በሚያልፍ ዘንግ። 20 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባለው ቀዳዳ ውስጥ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ቢያልፍ ዙሪያውን የሚቀረው ክፍተት 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለውሃው ያንኑ ያህል የማለፊያ ስፋት (በካሬ ሚሊሜትር) የሚሰጥ፣ ዘንግ የሌለው ግልጽ ቀዳዳ ግን ዲያሜትሩ 18 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ሁለቱ እኩል ፍሳሽ ያሳልፋሉ፤ ግልጹ ቀዳዳ ግን የሦስት እጥፍ ትልቅ ጓልን አሳልፎ ይሰዳል። ዘንጉ ፀጉርና ክር የሚጠመጠምበት ምሰሶ መሆኑም ሳይረሳ። ሁለተኛው መንገድ መበተኛውን ከውጭ በቆሙ ክንዶች መያዝ ነው። ቀዳዳው ግልጽ ይሆናል፤ በአንጻሩ ክንዶቹ ባሉበት አቅጣጫ ውሃው ይቆረጥና በማጣሪያው ላይ ቀጫጭን ደረቅ መስመሮች ይቀራሉ። እኔ ደረቁን መስመር እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ቋሚና የሚታወቅ ጉድለት ነው። የተዘጋ ኖዝል ግን አንድ ሙሉ ክብ ድንጋይ ያደርቃል፣ ድርሻውንም በጎረቤቶቹ ላይ ይጭናል።

በገበያ ላይ ሁለት ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። ውስጡ መስቀለኛ ክንፍ ያለው «ሙሉ ሾጣጣ» ኖዝል ለፋብሪካ ማቀዝቀዣ ጥሩ ነው፤ ለፍሳሽ አይሆንም፣ ክንፉ ወንፊት ሆኖ ያርፋል። ከአንድ ወጥ ቁራጭ የተሠራው ጠመዝማዛ ኖዝል ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከዘንጋሙ ይሻላል፤ ዝቅተኛ ግፊት ላይ ግን እንደሚገባ አይበትንም።

የትኛውንም ቢመርጡ ከገንዳው መውጫ ላይ ቀዳዳው ከኖዝሉ ክፍተት ግማሽ የማይበልጥ ወንፊት ይኑር። ወንፊቱን ማጽዳት የአንድ ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በየቧንቧው ላይ እየዞሩ ኖዝል መፍታት ግን የግማሽ ቀን ነው፣ ያውም ፍሳሽ ፊት ላይ እየተረጨ። የወጥ ቤት ቅባት፣ የእንጀራ ፍርፋሪና የጠላ አተላ ወደ ፍሳሹ እንዳይገባ መከልከል ደግሞ ከማንኛውም ኖዝል ይበልጣል።

ኖዝሉ ብቻውን አይሠራም

ከገንዳ በሳይፎን (ገንዳው ሲሞላ ውሃውን ራሱ ስቦ በአንድ ጊዜ በሚለቅ የታጠፈ ቧንቧ) እየተለቀቀ የሚረጭ ኖዝል ግፊቱ ቋሚ አይደለም። ገንዳው ሙሉ ሲሆን ከኖዝሉ በላይ 2 ሜትር ውሃ ቢኖርና ሲያልቅ ግማሽ ሜትር ቢቀር የሚወጣው ፍሳሽ መጠን በግማሽ ይቀንሳል። የሚወረወርበት ርቀት ግን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የአየሩን መጎተት ሳንቆጥር፣ በ45 ዲግሪ የሚረጭ ውሃ ከ4 ሜትር ወደ 1 ሜትር ይመለሳል። ይህ ጉዳት ይመስላል እንጂ ጥቅም ነው። ክቡ እየጠበበ ሲመጣ ዳሩም መካከሉም በየተራ ይረጥባል።

ለዚህ ግን ገንዳው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ መሆን አለበት። የውጭው ቀለበት ከውስጠኛው እጅግ የሰፋ ስለሆነ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ብዙ ውሃ መልቀቅ ያለበትም ግፊቱ ከፍ ባለበት ጊዜ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ባለው ገንዳ ላይ የተገጠመ ውድ ኖዝል መካከሉን ያጥለቀልቃል፣ ዳሩን ያስርባል። ስለዚህ አንድ ሰው የተሻለ ኖዝል ልግዛ ወይስ የገንዳውን ግድግዳ ላስተካክል ቢለኝ ያለማወላወል ግድግዳውን እለዋለሁ። ሳይፎን መብራት አይፈልግም፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ረጪው ከሳህኑ፦ ነፋስና ውርጭ

ወደ ላይ ከሚረጨው ኖዝል ጋር የሚወዳደረው፣ ፍሳሹን ከሰፊ ቀዳዳ ወደ ታች ጥሎ በሳህን ላይ የሚበትነው ነው። ቀዳዳው 20 ወይም 25 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፤ በግማሽ ሜትር ከፍታም ይሠራል። አንዱ ሳህን የሚሸፍነው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ቧንቧና ብዙ ሳህን ይጠይቃል፤ ወጪው እዚያ ላይ ነው።

በማስታወቂያ ላይ ወደ ላይ የሚረጨው ይደምቃል፤ «ፍሳሹን አየር ይመግባል» ይባልለታል። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ግፊት ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ ውሃ ሊሸከመው የሚችለው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የማጣሪያው ዋና ትንፋሽ በድንጋዮቹ መካከል የሚያልፈው አየር ነው። በዚህ ላይ የተበተነ ጠብታ ይቀዘቅዛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት የውርጭ ሌሊቶች የፍሳሹ ሙቀት በ4 ዲግሪ ቢቀንስ፣ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት የተለመደ ስሌት፣ የማጣራቱ ፍጥነት 13 በመቶ ያህል ይወድቃል። የበጋው ነፋስ ደግሞ ደቃቁን ጠብታ ከነጀርሙ ተሸክሞ ወደ ጎረቤት ግቢ ያደርሰዋል፤ ክቡንም ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ለደጋው ሜዳ ሳህኑን የምመርጠው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ወደ ላይ የሚረጨውን የግድ የሚገዛ ሰው ነፋስ የሚሰብር አጥር ወይም የዛፍ ረድፍ ወጪውንም አብሮ ይቁጠር።

የሚዞረው ክንድና ተገልባጩ ገንዳ

በውሃው ግፊት ራሱ የሚዞረው ክንድ በብዙ አገር ቆሚ ኖዝሎችን ተክቷል፤ ክብ ማጣሪያን ጥቂት ቀዳዳ ባላቸው ክንዶች በወጥነት ያረጥባል፣ ከ1 ሜትር ባነሰ ግፊትም ሊዞር ይችላል። በዋጋ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ መካከሉ ላይ ያለው ኩሽኔታና ማሸጊያ ቅባትና ቁጥጥር ይፈልጋል። ክንዱ ቆመ ማለት ፍሳሹ በሁለት መስመር ብቻ ይፈስሳል። ቋሚ ባለሙያ ላለው ተቋም እመክረዋለሁ፤ ማጣሪያውን ዘበኛው ለሚጠብቅለት ሆቴል አልመክረውም።

ለትንሽ ተቋም፣ ለምሳሌ ለጤና ጣቢያ፣ ሞልቶ ሲከብድ ራሱ የሚገለበጥ ገንዳና ከሥሩ የተቀመጡ ቀዳዳ ያላቸው ቦዮች ይበቃሉ። በቀን 50 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያለው ተቋም በካሬ ሜትር 2 ሜትር ኩብ ቢያከፋፍል የሚያስፈልገው 25 ካሬ ሜትር ማጣሪያ ነው፤ ለዚህ ስፋት ኖዝል የግድ አይደለም። የአካባቢው ብየዳ ቤት ሊሠራው መቻሉ ብቻ ብዙ ነጥብ ያሰጠዋል።

ከምን ይሠራ?

ናስ ለዓይን ያምራል፣ የሚጠመዘዝበት ጥርሱም አይበላሽም። የሴፕቲክ ፍሳሽ ግን በተበላሸ እንቁላል ጠረኑ የምናውቀውን ጋዝ ይዞ ይመጣል፤ ጋዙ ናስን ያጠቁራል፣ ቀስ በቀስም ይበላል። ናስ ለቆራሌው የሚሸጥ ዕቃ መሆኑም ከኖዝሉ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው፤ አጥር የሌለው ማጣሪያ ላይ አይቆይም። ጋልቫናይዝድ ብረት አይታሰብ። ጥቁር ወፍራም ፖሊኤትሊን የደጋውን ፀሐይ ከነጩ ፕላስቲክ በተሻለ ይችላል፤ በእጅ የሚፈታ ከሆነ ደግሞ በቁልፍ ብዛት ጥርሱ አይሰበርም። የማይዝግ ብረት አቅሙ ላለው ጥሩ ነው።

ከከተማ ከተማ

ደብረ ሲናና አንኮበርን የመሰሉ ገደላማ ቦታዎች ተዳፋቱ ግፊቱን በነጻ ይሰጣል። እዚያ ሳይፎን ያለው ገንዳና ግልጽ ቀዳዳ ያላቸው ክብ ኖዝሎች ያለ ፓምፕ ይሠራሉ፤ ነፋሱን የሚከልል ቦታ ብቻ ይፈለግ። ደብረ ብርሃን ከተማና የመንዝ ሜዳ ላይ እያንዳንዱ ሜትር ግፊት በፓምፕ ስለሚገዛ ሳህኑ ይቀድማል። ማጣሪያው ክብ ሆኖ ባለሙያ ካለ የሚዞረው ክንድ ይከተላል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ ቅዝቃዜው አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የማጣሪያ ዝንብ ነው። ዝንቡ የሚራባው ልባሱ ባለበት ነገር ግን በደንብ በማይታጠብ ጥግ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ቀስ ብሎ ከሚያንጠባጥብ ይልቅ በአንድ ጊዜ ብዙ የሚለቅ ሳይፎንና ዳር ድረስ የሚደርስ ግማሽ ክብ ኖዝል ዋጋ አላቸው።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን የሚያሳልፈው ትልቁ ጓል ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ በ0.5፣ በ1 እና በ1.5 ሜትር የውሃ ከፍታ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ይጠይቁት። በባር ብቻ የሚመልስ ሻጭ ዕቃው ለእርስዎ ሥራ መሠራቱን አላወቀም። ከዚያ አንድ ኖዝል ብቻ ገዝተው፣ በርሜል ከፍ አድርገው ሰቅለው፣ በንጹህ ውሃ ይሞክሩት፤ ዙሪያውን አፋቸው እኩል የሆነ ባዶ የቲማቲም ጣሳዎች በእኩል ርቀት ደርድረው በየጣሳው የገባውን ውሃ በማስመሪያ ይለኩ። ከጣሳዎቹ አማካይ ግማሽ እንኳ ያልሞሉት ብዙ ከሆኑ ዕቃውን ይመልሱ። ካለፈ፣ ከሚያስፈልግዎት ቁጥር በላይ መለዋወጫ አብረው ይግዙ፤ በዚያ ልክ የተሠራ ኖዝል ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ በፈለጉት ቀን አይገኝም።