ሱ-30፣ ሱ-35፣ ሱ-57 ወይስ ሚግ-35? የሩሲያን ተዋጊ ጄት በሙከራ መዝገቡ መምረጥ

በአየር ትርዒት ላይ የማያምር የሩሲያ ጄት የለም። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ አየር ላይ የቆመ እስኪመስል ይዘገያል፣ ድንገት ይገለበጣል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ጄት የሚገዛ መንግሥት ግን ጭብጨባውን አይረከብም። የሚረከበው ሞተር፣ ራዳር፣ ሚሳይልና ለ30 ዓመት የሚዘልቅ የመለዋወጫ ጥገኝነት ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉትን አማራጮች እዚህ የምንመዝናቸው በሁለት ጥያቄ ነው፦ ለሽያጭ በቀረበው ሞተርና ራዳር ሙከራው የት ድረስ ሄዷል? ሞተሩስ ስንት ሰዓት ከበረረ በኋላ ለጥገና ይወርዳል? ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

“ተፈትኗል” ሲባል ምን ማለት ነው?

ሩሲያ ውስጥ አዲስ ተዋጊ መጀመሪያ የፋብሪካ ሙከራ ውስጥ ይገባል። አንዱ አካል ጨርሶ ላይበር ይሠራል፤ ማሽን ላይ ታስሮ ክንፉ እየተጫነ ጥንካሬው ይለካል። ሌላው መሬት ላይ ብቻ እየተንደረደረ ፍሬኑና መሪው ይታያል። የሚበሩት ሞዴሎች፣ ማለትም ለሙከራ ብቻ የተሠሩት አውሮፕላኖች፣ ሞስኮ አጠገብ ዡኮቭስኪ በሚገኘው የግሮሞቭ የበረራ ምርምር ተቋም ሜዳ ላይ ይከርማሉ። ከዚያ የመንግሥት የጋራ ሙከራ የሚባለው ይመጣል። ዋና ቦታው በአስትራካን ክልል አክቱቢንስክ ያለው 929ኛው የበረራ ሙከራ ማዕከል ነው፤ አውሮፕላኑን የሚፈትነውም የሠራው ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን የሚታጠቀው አየር ኃይል ጭምር ነው።

“የመጀመሪያ በረራውን አደረገ” የሚለው ዜና ለገዥ እምብዛም አይጠቅምም። ሱ-57 መጀመሪያ የበረረው ጥር 2010 ላይ ነው፤ ከምርት መስመር ከወጡት መጀመሪያ አየር ኃይሉ እጅ የገባው ታኅሣሥ 2020 ላይ ነው። በመካከል 11 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሻጭ “የተፈተነ ነው” ሲል ጥያቄው “የትኛው ሙከራ፣ በየትኛው ሞተር?” መሆን አለበት።

ሱ-35፦ አዲሱን ዕቃ በአሮጌ ጀርባ መፈተን

ሱ-35 በየካቲት 2008 በሙከራ አብራሪው ሰርጌ ቦግዳን ሲነሣ፣ ሞተሩም ራዳሩም ለመሐንዲሶቹ እንግዳ አልነበሩም። ሞተሩ ከ2004 ጀምሮ በአንድ ሱ-27ኤም ላይ ተገጥሞ ሲበር ቆይቷል፤ ኢርቢስ-ኢ የተባለው ራዳርም በሱ-30 ላይ ተሞክሯል። አዲስ አካል፣ አዲስ ሞተርና አዲስ ራዳር ባንድ ቀን ካልተገናኙ፣ ብልሽት ሲመጣ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ለመለየት ይቀላል። ያም ሆኖ ነገሩ ያለ አደጋ አላለፈም። ሚያዝያ 2009 በአሙር ወንዝ ዳር ባለችው ኮምሶሞልስክ አንድ ሞዴል ገና ሳይበር፣ መሬት ላይ ሲንደረደር አልቆም ብሎ ከሜዳው ወጥቶ ተቃጠለ። አብራሪው በመወርወሪያ ወንበሩ ተረፈ።

ሞተሩ ኤኤል-41ኤፍ1ኤስ ነው፤ በአፍተርበርነር (ከሞተሩ ኋላ ተጨማሪ ነዳጅ ሲቃጠል) 14,500 ኪሎ ይገፋል፣ ጋዙ የሚወጣበት አፉም ይዞራል። አምራቹ ከቀድሞው ኤኤል-31ኤፍ ጋር ሲያወዳድረው በሁለት ኦቨርሆል (ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ በሚታደስበት ጥገና) መካከል ያለውን ጊዜ ከ500 ወደ 1,000 ሰዓት፣ ጠቅላላ ዕድሜውን ከ1,500 ወደ 4,000 ሰዓት እንዳሳደገ ይናገራል። የመጀመሪያው ኦቨርሆል 1,500 ሰዓት ላይ ነው። ከብሮሹሩ ገጾች ሁሉ ለገዥ የሚበጀው ይህኛው ነው።

ራዳሩን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። “ኢርቢስ 400 ኪሎ ሜትር ያያል” የሚለው ወሬ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። 350 እስከ 400 የሚባለው ርቀት 3 ካሬ ሜትር የራዳር ስፋት (ለራዳር የሚታይበት መጠን) ላለው፣ ፊት ለፊት ለሚመጣ ዒላማ፣ ራዳሩ ጠባብ የሰማይ ክፍል ላይ ብቻ ሲያተኩር ነው። ሰፋ አድርጎ ሲፈልግ ቁጥሩ ወደ 200 ይወርዳል። በዚያ ላይ ኢርቢስ ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ ቢያዞርም ኃይሉን የሚያገኘው ከማዕከላዊ ማሰራጫ ነው፤ ማሰራጫው ከተበላሸ ራዳሩ በሙሉ ይታወራል። በሱ-57 ላይ ያለው ቤልካ ግን እያንዳንዷ ትንሽ ክፍል ራሷን ችላ የምታሰራጭበት ስለሆነ ጥቂቶቹ ቢሞቱ የቀሩት ይሠራሉ።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ወንበር ነው። ሱ-35 ባለ አንድ ወንበር ብቻ ነው። አዲስ አብራሪ ከኋላው አስተማሪ አስቀምጦ ሊማርበት አይችልም። ስለዚህ ገዥው ወይ ጥሩ ሲሙሌተር፣ ወይ ባለ ሁለት ወንበር ሱ-27 ወይም ሱ-30 ያስፈልገዋል። ሁለቱም የሌለው አየር ኃይል ሱ-35 ቢገዛ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሥልጠና ያልቃሉ ብለን እንገምታለን።

ሱ-30ኤስኤም፦ ባለ ሁለት ወንበሩ

ይህኛው ለህንድ ከተሠራው ሱ-30ኤምኬአይ የተወለደ ነው። መስከረም 2012 በረረ፤ ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ስሙ ሱ-30ኤስኤምኢ ነው። ፊት ለፊት ትንንሽ ክንፎች አሉት፣ ሁለት ሰው ይይዛል፣ ሞተሩ ኤኤል-31ኤፍፒ በ12,500 ኪሎ ይገፋል። ውስጡ የሚይዘው ነዳጅ 9,600 ኪሎ ገደማ ሲሆን ሱ-35 11,500 ይይዛል። በርቀት ሱ-35 ይበልጣል። የኋላው ሰው ራዳርና ቦምብ ሲይዝ የፊተኛው ማብረር ብቻ በሚቀረው የምድር ድብደባ ግን ሱ-30 ይመረጣል።

የህንድ መዝገብ ለሌላው ገዥ ትልቅ ትምህርት ነው። መጋቢት 2015 የመከላከያ ሚኒስትሩ ማኖሃር ፓሪካር ለፓርላማ እንደገለጹት፣ ከተመረመሩት 69 የሞተር ብልሽቶች 33ቱ የመጡት ከኩሽኔታ ነው። ሰበቃው ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ የተፋቀው ብረት ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱ ደግሞ ብናኙን ይዞ ሌላውን ክፍል ሁሉ ይዞረዋል። አብራሪው የሚያየው የዘይት ግፊት መውረድ ወይም መንቀጥቀጥ ነው፤ አንዱን ሞተር አጥፍቶ በሌላው ያርፋል። አምራቹ የዘይቱን ዓይነትና የኩሽኔታውን አሠራር ጨምሮ በርካታ ማሻሻያዎች አድርጓል። ስለዚህ ይህን ሞተር የሚገዛ ሁሉ “ማሻሻያዎቹ የእኔ ሞተሮች ላይ በመለያ ቁጥራቸው ተገጥመዋል ወይ?” ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። በራሱ ጣቢያም የዘይት ናሙና በየጊዜው እየወሰደ የብረት ብናኝ የሚለካ ላብራቶሪ ያቋቁም። ከጄቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ላብራቶሪው የሳንቲም ጉዳይ ነው፤ ሞተር አየር ላይ ከመቆሙ በፊት ምልክት የሚሰጠው ግን እሱ ነው።

በሱ-30ኤስኤም2 ላይ ሩሲያ የሱ-35ን ሞተር ገጥማለች። ሁለቱንም ዓይነት የሚፈልግ ገዥ አንድ ሞተር፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ የጥገና ሥልጠና ይዞ ይሠራል ማለት ነው። ለእኛ ከሁሉም የሚያዋጣው ጥምረት ይህ ነው።

የሞተር ሂሳብ በወረቀት ላይ

12 ጄት አለን እንበል፤ እያንዳንዱ በዓመት 150 ሰዓት ይበራል። ድምሩ 1,800 የበረራ ሰዓት ሲሆን፣ ሞተሩ ሁለት ስለሆነ 3,600 የሞተር ሰዓት ይሆናል። በየ1,000 ሰዓቱ ኦቨርሆል ከሆነ በዓመት ሦስት አራት ሞተር ይወርዳል። በየ500 ከሆነ ሰባት። ሞተሩ ተጭኖ ፋብሪካ ደርሶ እስኪመለስ አንድ ዓመት ቢወስድ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ቢያንስ አራት ትርፍ ሞተር መጋዘን ውስጥ መኖር አለበት። እነዚህ አራቱ ከውሉ ከተረሱ፣ አየር ኃይሉ የሞተሮቹ ኦቨርሆል ሲደርስ ካንዱ ጄት ፈቶ ለሌላው መግጠም ይጀምራል። ፓሬዱ ላይ 12 ይቆማሉ፣ የሚነሡት ግን አሥር ይሆናሉ።

ከባሕር ጠለል ከፍ ላለ አገር ደግሞ ሌላ ተቀናሽ አለ። 14,500 ኪሎ የተባለው ግፊት በባሕር ጠለል የተለካ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚውጠው አየር ያንሳል፣ ክንፉ የሚያገኘው ማንሻም ያንሳል። ስለዚህ ማንደርደሪያው ይረዝማል፣ ወይም ቦምቡና ነዳጁ ይቀነሳል። “8,000 ኪሎ ይሸከማል” የሚለውን ቁጥር ገዥው በራሱ ሜዳ ከፍታና ሙቀት እንደገና እንዲሰላለት ይጠይቅ።

ሱ-57፦ የትኛው ሞተር?

የዚህ ጄት የሙከራ መዝገብ ረጅምም ጠባሳ ያለበትም ነው። በነሐሴ 2011 በሞስኮ የአየር ትርዒት ሁለተኛው ሞዴል ሊነሣ ሲንደረደር ከሞተሩ እሳት ተፍቶ በረራው ተቋረጠ። ሰኔ 2014 አምስተኛው ዡኮቭስኪ አርፎ ሳለ ሞተሩ አካባቢ ተቃጠለ፤ በኋላ ተጠግኖ በረረ። ከስድስተኛው ጀምሮ አካሉ ተጠናክሮ እንደ አዲስ ተሠራ። ታኅሣሥ 2019 ደግሞ ከምርት መስመር የወጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን ርክክብ ሊደረግበት ጥቂት ሲቀረው በሙከራ በረራ ላይ ካባሮቭስክ ክልል ውስጥ ወደቀ፤ አብራሪው ዘልሎ ዳነ። በሙከራ ዘመን አደጋ መድረሱ ብርቅ አይደለም። ልብ የሚባለው ግን የ2019ኙ ነው፤ የወደቀው ሞዴል ሳይሆን ለደንበኛ ሊሰጥ የተሠራ አውሮፕላን ነበር።

የውሉ ቁልፍ ሞተሩ ነው። ወደ አገልግሎት የገቡት አውሮፕላኖች መጀመሪያ የተገጠመላቸው ኤኤል-41ኤፍ1 ነው፤ እሱም የሱ-35 ሞተር የቅርብ ዘመድ ነው። ለዚህ አካል የታሰበው ሁለተኛው ሞተር መጀመሪያ የበረረው ታኅሣሥ 2017 ላይ በአንድ ሞዴል ነው። “በኋላ እንቀይርላችኋለን” የሚል ተስፋ በቀንና በዋጋ ካልታሰረ ተስፋ ሆኖ ይቀራል። ከራዳር መሰወሩም የሚሠራው መሣሪያው ሆዱ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ክንፍ ሥር ሚሳይል ከተንጠለጠለ ለስውርነቱ የተከፈለው ገንዘብ ለዚያ በረራ ባክኗል። ህንድ ከሩሲያ ጋር ይህንኑ ጄት ለማልማት ዓመታት ደክማ በ2018 ትታ ወጥታለች። አቅም ያላት፣ የ“ሱ” ጄቶችን የሚሠራውን የሱኮይን ፋብሪካ አሠራር ጠንቅቃ የምታውቅ ደንበኛ ለምን እንደወጣች ሳይመረምር የሚፈርም ገዥ ችኩል ነው።

ሚግ-35 እና ያልበረረው

ሚግ-35 ቀለል ያለ፣ ሁለት ሞተሩ እያንዳንዱ 9,000 ኪሎ የሚገፋ ነው። የቀድሞው ሚግ-29 ከሩቅ የሚያስታውቀው ጥቁር ጭስ በአዲሱ አርዲ-33ኤምኬ ሞተር ቀንሷል። ችግሩ ብቸኝነቱ ነው። በጥር 2017 በይፋ ታየ፣ ሩሲያ በ2018 ስድስት ብቻ አዘዘች፣ ከዚያ በፊትም በ2011 ከህንዱ ትልቅ የተዋጊ ጄት ግዢ ውድድር ወጥቷል። ዘመድ የሌለው ጄት መለዋወጫው ውድ ነው። ሚግ-29 ያለው አገር ካልሆነ በቀር ባይነካው ይሻላል።

ባለ አንድ ሞተሩ ሱ-75 በሐምሌ 2021 ሲታይ ዋጋው 25 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር፣ የመጀመሪያ በረራውም 2023 ተባለ። 2023 አለፈ፣ ጄቱ አልተነሣም። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ይህችስ ሰማይም አልደረሰች።

ያገለገለ መግዛትና የውሉ ወጥመዶች

ለህንድ በ1990ዎቹ የተሰጡ 18 ሱ-30ኬ ጄቶች ተመልሰው ቤላሩስ ባራኖቪቺ በሚገኘው 558ኛው የጥገና ፋብሪካ ቆመው ነበር፤ አንጎላ 12ቱን አሳድሳ ወሰደች። የኢትዮጵያ አየር ኃይልም በጥር 2024 ሁለት ሱ-30ኬ ይፋ አድርጓል። ሱ-30ኬ የሚዞር ሞተር አፍም ሆነ የፊት ክንፍ የለውም፤ ከአካሉም ከሞተሩም ለሱ-27 ይቀርባል። ሱ-27ን ከ1998 ጀምሮ ለያዘ አየር ኃይል ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ ቴክኒሻኑ ኤኤል-31ኤፍን ፈቶ መግጠም ያውቃል።

ዋጋ ሲወዳደር በቁጥር ማካፈል ያሳስታል። ቻይና በ2015 ለ24 ሱ-35 ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተዋዋለች፤ ኢንዶኔዥያ ለ11 ጄት 1.14 ቢሊዮን፣ ግማሹን ያህል እንደ ፓልም ዘይትና ቡና ባሉ ሸቀጦች ለመክፈል ተስማማች። አንዱ ጄት ለቻይና 83 ሚሊዮን፣ ለኢንዶኔዥያ 104 ሚሊዮን ገደማ መጣ፤ ጥያቄው በውሉ ውስጥ ስንት ትርፍ ሞተር፣ ስንት ሚሳይል፣ ስንት ሥልጠና አለ የሚለው ነው። የኢንዶኔዥያው ውል ከሩሲያ የጦር መሣሪያ የሚገዛን የሚቀጣው የአሜሪካ የ2017 የማዕቀብ ሕግ ጥላ ሲያጠላበት ቆይቶ ቀረ፤ ቻይናም በመስከረም 2018 በዚሁ ሕግ ተቀጣች። ክፍያው በየትኛው ባንክና በየትኛው ገንዘብ እንደሚያልፍ ሳይታወቅ ቅድሚያ መክፈል ስህተት ነው።

አርሜኒያ በ2019 መጨረሻ አራት ሱ-30ኤስኤም ተረከበች። በቀጣዩ ዓመት ጦርነት ሲነሣ ጄቶቹ ሚና አልነበራቸውም፤ በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጄቶቹ ያለ ሚሳይል እንደተገዙ አመኑ። ሚሳይል የተለየ ውል፣ የተለየ ተራ፣ የተለየ ዋጋ አለው፤ ከአውሮፕላኑ ጋር በአንድ የርክክብ ቀን ይታሰር።

በርክክቡ ዕለት ቀለሙን ከማየት በፊት የእያንዳንዱ ሞተር መዝገብ ይከፈት። መለያ ቁጥሩ ሞተሩ ላይ ካለው ሳህን ጋር ይመሳከር፤ የበረረው ሰዓት፣ ያለፈው ኦቨርሆልና የተመረተበት ቀን ይጻፍ። የእነዚህ ሞተሮች ዕድሜ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በዓመትም ይቆጠራል፤ ሳይነካ መጋዘን የተቀመጠው ሞተርም ዓመቱ እየተቆጠረ ነው።