ከለገጣፎ እስከ ቦሌ፦ ስንቄን ያሰናዱልኝ ሰዎች

«የምትሄጂው የት አገር ነው?» አለችኝ የባልትና ቤቷ ባለቤት፣ በርበሬውን ገና ሚዛን ላይ ሳታስቀምጥ። አሜሪካ አልኳት። «እንግዲያውስ ዱቄት ዱቄቱን ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ አድርጊው። በእጅሽ እንዳትይዢ።»

እማዬ የምትኖረው ለገጣፎ ነው። ሦስት ሳምንት አብሬያት ከርሜ ተመለስኩ። በቆይታዬ ብዙ አገልግሎት ተጠቅሜያለሁ፤ ይቺን ጥያቄ የሚያህል ግን አላገኘሁም። ይህን የምጽፈውም እንደ እኔ ስንቅ ጭነው ለሚመለሱ ነው።

ሴትየዋ ልክ ነበረች። ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ምንነቱን ማረጋገጥ ካልተቻለ አብሯችሁ አይገባም። ደንቡ ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ ይሠራል። 350 ሚሊ ሊትር ደግሞ ከአንድ ጣሳ ለስላሳ እምብዛም አይበልጥም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ባልትና ቤቷ እያንዳንዱን ኪሎ ለብቻው፣ በድርብ ፕላስቲክ አሸገችልኝ። በላዩም ምን እንደሆነ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፈችበት። ንጥር ቅቤውን አፉ በሚጠብቅ ዕቃ አድርጋ ሦስት ጊዜ ጠቀለለችው። ቅቤም ማርም በፈታሾች ዓይን እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፤ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ አይገባም። እሱም ሆነ ሌላው ምግብ አሜሪካ ሲደረስ ለጉምሩክ መነገር አለበት። ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ስከፍት አንድም የፈሰሰ ነገር አልነበረም። እግዜር ይስጣት።

ሽሮውን ያስፈጨሁበት ወፍጮ ቤትም ጥሩ ነው። መብራት ከጠፋ ግን ቀኑ ያልፋል። ከበረራው ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ሂዱ።

ቅር ያለኝ ሻንጣዬን ባሠራሁበት ሱቅ ነው። ዚፑን አሳምረው ቀየሩልኝ። ከዚያ ሻንጣው ሞልቶ ሲመጣላቸው ዙሪያውን በፕላስቲክ ጠቀለሉት። ውስጡ ባትሪ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። የእህቴ ልጅ ሊያግዘኝ ብሎ ፓወር ባንኬን ልብስ መሃል ከቶት ኖሯል። ቦሌ ላይ ያ ሁሉ ፕላስቲክ ተቀደደ፣ ሻንጣው ተፈታ፣ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ ጠበቀ። ሥራቸው የመንገደኛ ሻንጣ ማሸግ ከሆነ ይህችን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ነበረባቸው። አሁንም ቢሆን እንዲጀምሩ እለምናቸዋለሁ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ከተበላሸ ወይም ከተነካካ በእሳት ይያያዛል። መንገደኛው ባለበት ክፍል ከሆነ የበረራ አስተናጋጆች ደርሰው ያጠፉታል። ከታች ጭነት ክፍል ከሆነ ግን አጠገቡ ሰው የለም። ስለዚህ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ይገባል፤ 20,000 mAh የተጻፈበት የተለመደው ዓይነት 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ መንገደኛ ይዞት አይሳፈርም። መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚያበራ ትልቅ ባትሪ ለእማዬ ላመጣላት ተመኝቼ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የሰው ዕቃ ነው። ጎረቤታችን ለልጃቸው የሚሰጥ፣ በጨርቅ የተሰፋ ጥቅል ይዘው መጡ። አልይዝም ማለት ይከብዳል። ያላየሁትን መያዝ ደግሞ አልችልም። «እትዬ፣ አይክፋዎትና ፈትቼ ልየው?» አልኳቸው። «ምን ይከፋኛል ልጄ፣ ፍቺው» አሉኝ። ድርቆሽና ቋንጣ ነበር። ድርቆሹን ያዝኩ፤ ቋንጣውን መለስኩ። ከብቶቻችን ላይ የአፍና የእግር በሽታ ስላለ አሜሪካ የእኛን ሥጋ፣ የደረቀም ቢሆን፣ አታስገባም። አውሮፓና እንግሊዝ ከውጭ በመንገደኛ የሚመጣ ሥጋም ወተትም ይከለክላሉ። ጫት ከሆነማ ነገሩ የወንጀል ነው፤ አሜሪካም፣ ከፈረንጆቹ 2014 ወዲህ እንግሊዝም። እባካችሁ፣ የማንም ጥቅል ቢሆን ፈትታችሁ እዩ። ሰው የሚቀየመው ለአንድ ቀን ነው።

አጎቴ ደግሞ አንድ ጠርሙስ አረቄ ሰጠኝ፣ የቤት። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ግን ከሱቅ እንደወጣ፣ በታሸገ ጠርሙሱ። የቤት አረቄ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ ጽሑፍ የለውም። ቤት ቀረ። ያረጀ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ስጦታ ከተሰጣችሁም ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳትይዙ ቦሌ አትሂዱ።

እማዬ ያዘጋጀችልኝ የመጨረሻው ፌስታል ከሰል ነበር። «የእዚያ አገር ከሰል ቡና አያፈላም» ብላ፣ አንድ በአንድ መርጣ፣ አመዱን አራግፋ። ከሰል በራሱ ጊዜ ሊግልና ሊቀጣጠል ስለሚችል በእጅም በሚጫነውም ሻንጣ ክልክል ነው። ይህን አውቃለሁ። ፊቷን እያየሁ ግን መናገር አቃተኝና መኪናው ውስጥ ይዤው ገባሁ።

ስለ ሾፌሩ ልንገራችሁ። የሰፈር ልጅ ነው። በአያት፣ በሲኤምሲ፣ በመገናኛ አድርጎ፣ የማታውን መጨናነቅ አስልቶ፣ ከበረራው አራት ሰዓት ቀደም ብሎ አደረሰኝ። ሸኚ ተርሚናል ውስጥ ስለማይገባ ሻንጣዎቹን በሩ ድረስ ገፋልኝ። ከዚያ «እህቴ፣ ፍተሻውን እስክታልፊ እዚህ ነኝ። የሚመለስ ነገር ካለ ለእማማ አደርሳለሁ» አለኝ። ከተስማማነው ሒሳብ በላይ አንድ ብር አልጠየቀኝም። ከሰሉን ሰጠሁት።

ዋሽንግተን ስደርስ ለእማዬ ደወልኩ። ጎረቤታችንን ጠርታ በዚያው ከሰል ቡና እያፈላች ነበር። ከበስተኋላዋ ሲኒው ይንኳኳል።